ክረምትን አትጠብቁ፤ የጓሮ አትክልት በአዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ

አዲስ አበባ ውስጥ የጓሮ አትክልት ልጀምር የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ሰኔ ላይ ነው። ዝናቡ መጥቷል፣ ውሃው በነፃ ነው፣ በየቦታው ስለ ችግኝ ይወራል። ቲማቲሙን፣ ሰላጣውን፣ ሽንኩርቱን፣ ካሮቱን በአንድ ቅዳሜ ጭምቅ አድርጎ ይተክላል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቲማቲሙ ጠቁሯል፣ ሽንኩርቱ በስብሷል፣ የካሮቱን ዘር ጎርፍ ጠርጎ ጎረቤት አስገብቶታል። ከዚያ «እኔ እጄ ለተክል አይሆንም» ይልና ይተወዋል።

እጁ ምንም አልሆነም። የተሳሳተው ወሩ ነው። ሰኔ ለዛፍ ችግኝ ሸጋ ወር ነው። ለአብዛኛው አትክልት ግን ዓመቱ የሚጀምረው መስከረም ላይ ነው፤ ዝናቡ እየሸሸ፣ ፀሐይዋ እየወጣች፣ አፈሩ ግን ገና እርጥበቱን ይዞ ሳለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ አትክልተኛው የሚሠራው ሌላ ሥራ አለው።

እዚህ የምጽፈው ለአዲስ አበባና ለመሰል ከተሞች ነው። ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ፣ ቀን ፀሐይ ሌሊት ብርድ የሆነበት አገር። አዳማ ወይም ሐዋሳ ያላችሁ ሙቀታችሁ ስለሚለይ ወራቱን እንዳለ አትውሰዱት። ቦታው የራስ ጓሮ ቢሆንም፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነዋሪው ተከፋፍሎ የያዘው የጋራ መሬት ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው።

መሬቱን ማየት

ለመጀመሪያ ዓመት 20 ካሬ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ አትያዙ፤ አረሙ ያሸንፋችኋል። 20 ካሬ ላይ መተላለፊያውን ትታችሁ 1 ሜትር ስፋት፣ 4 ሜትር ርዝመት ያላቸው 3 መደቦች ይወጣሉ። ስፋቱ 1 ሜትር የሆነው እጅ ከሁለቱም በኩል መሀሉ ድረስ እንዲደርስ ነው። መደብ ላይ አይወጣም፣ አይረገጥም። የተረገጠ አፈር ውስጥ አየር የለም፤ ካሮቱም ተጣሞና ተሰንጥቆ ይወጣል።

ፀሐይ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ያስፈልጋል። ለጎመን፣ ለሰላጣና ለቆስጣ 4 ሰዓትም ሊበቃ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከህዳር እስከ ጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ስለዚህ በደቡብ በኩል ፎቅ ወይም ረጅም አጥር ካለ፣ ሰኔ ላይ ፀሐይ ሲሞቀው የነበረው መደብ ታህሳስ ላይ ጥላ ውስጥ ይገባል። ቦታ ስትመርጡ ይህን አስሉ። ባህር ዛፍ ሥር ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት፤ ውሃውንም ምግቡንም ይሻማል፣ የሚረግፈው ቅጠልም ዘር እንዳይበቅል ያደርጋል።

አፈሩን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ጭብጥ አፈር አንሱ፣ ውሃ ነካ አድርጉት፣ በመዳፋችሁ መሀል እያሻችሁ እንደ ገመድ አድርጉት። ገመድ ሳይሠራ ከፈረሰ አሸዋ ይበዛዋል። ትንሽ ሠርቶ ከተቆረጠ ደህና ነው። ረጅምና የሚያብረቀርቅ ገመድ ከወጣው ሸክላ ነው። ጥቁር ከሆነም መረሬ ይዛችኋል ማለት ነው፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሲረጥብ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ወደ አቃቂ በኩል ያለው አብዛኛው እንዲህ ነው። ወደ እንጦጦ ሥር ያለው ቀይ አፈር ለሥራ ይቀላል፣ ግን ቶሎ ይራባል።

ቀጥሎ 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። በአንድ በሁለት ሰዓት ከሰረገ ጥሩ። በማግስቱም ካለ መደቡ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ዙሪያውንም ማፋሰሻ ቦይ ይፈልጋል። ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም። ሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች መረሬውን በእጃቸው እያፈሱ ከፍ ያለ መደብና ቦይ ሠርተው ነው ስንዴ የሚዘሩት። መረሬን መጥላት አያስፈልግም። ውሃው ከወረደለት ምግብ የሞላው አፈር ነው።

የኮንዶሚኒየም ግቢ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ላዩ አፈር ይመስላል፣ ሥሩ ጠጠር፣ የሲሚንቶ ፍርፋሪና የብሎኬት ስባሪ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቆፍሮ መልቀም የግድ ነው። አቅም ካጣችሁ አፈርና ኮምፖስት ቀላቅላችሁ ጆንያ ውስጥ ትከሉ፤ ለጎመንና ለቆስጣ ይበቃል።

ዕቃ አታብዙ። ዶማ፣ አካፋ፣ መኮትኮቻ፣ ወንፊት አፍ ያለው ውሃ ማጠጫ። ሌላው ሁሉ ቅንጦት ነው።

ኮምፖስት

ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ እዚሁ ልጨርሰው። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ጥግ ያዙ። ከሥር ጭራሮ አድርጉ፣ ውሃ እንዲወርድ። ከዚያ ደረቅ ነገር (የጤፍ ጭድ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን) ሁለት እጅ፣ እርጥብ ነገር (የአትክልት ልጣጭ፣ አረም፣ የቡና አተላ፣ አዛባ) አንድ እጅ እያፈራረቃችሁ ደርቡ። በየደረጃው አንድ አካፋ አፈር ጣል አድርጉበት። ሥጋ፣ ዘይት የነካው ምግብና የበሽተኛ ተክል ቅጠል አይገባም። አመድ ጥቂት ብቻ።

በየሁለት በሦስት ሳምንቱ ይገለበጣል። ከሸተተ ውሃ በዝቶበታል፤ ጭድ ጨምሩ። ዝም ካለና ካልሞቀ ደርቋል ወይም እርጥብ ነገር አንሶታል። በአዲስ አበባ ብርድ 3 ወይም 4 ወር ይፈጃል። ጥቁር ሆኖ፣ የጫካ አፈር ጠረን ሲኖረውና ምን እንደነበረ ሲጠፋችሁ ደርሷል። በመደብ 4 ባልዲ ያህል ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉ። የከብት ፍግ ከገዛችሁ ያረጀውን ምረጡ። የዶሮ ኩስ ትኩሱን ካደረጋችሁት ሥር ያቃጥላል፤ ለ3 ወር ከምሩት።

ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም፤ ችግኝ

ሰማዩ ገና ሳይጠራ ዘሩ አፈር ውስጥ መሆን አለበት። ግን መደቡ ላይ ሳይሆን ከለላ ያለበት ቦታ፤ በረንዳ፣ የቆርቆሮ ጥግ፣ ከላይ ፕላስቲክ የተወጠረበት ቦታ።

በመጀመሪያ ዘሩን ፈትኑ። 10 ፍሬ ቁጠሩ፣ በረጠበ ሶፍት ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አድርጉ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ከሳምንት በኋላ 7 ወይም 8 ከበቀለ ጥሩ ዘር ነው። 3 ከሆነ ብትመልሱት ይሻላል። በተለይ የሽንኩርት ዘር ዓመት ካለፈው ይሞታል። በወረቀት ተጠቅልሎ በማንኪያ ከሚሸጥ፣ ቀን የተጻፈበት እሽግ ይሻላል።

ችግኝ የሚፈላባቸው ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ባሮ ሽንኩርት ናቸው። ጥቅል ጎመን ላይ «ኮፐንሀገን ማርኬት» የሚባለው ዝርያ የለመደ ነው፣ በብርዱም ይሆናል። አንድ እጅ የተነፋ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። በሣጥን ወይም ሥሩ በተበሳ የዘይት ጀሪካን ሙሉት። በጣታችሁ 1 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ መስመር ሥሩ፣ በመስመሮቹ መሀል 10 ሳንቲ ሜትር ተዉ። ዘሩን ሳታፍኑ በተኑ፣ በስሱ አልብሱት፣ ጭድ ጉዝጓዝ አድርጉበት። ወንፊት ባለው ማጠጫ ጠዋት ጠዋት አጠጡ። ብቅ ሲል ጭዱን ወዲያው አንሱ። አንድ ቀን ብትዘገዩ ብርሃን ፍለጋ ይመዝና አንገቱ ይቀጥናል።

ችግኙ 4 ወይም 5 እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ ማለትም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ፣ ለመዛወር ደርሷል። ከመነቀሉ በፊት ባለው ሳምንት ውሃ ቀንሱለት፣ ፀሐይም አስለምዱት። በነቀላው ዕለት ጠዋት ግን በደንብ አጠጡት፤ ሥሩ አፈር ይዞ እንዲወጣ።

የምታዛውሩት ማታ ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ። ጠዋት የተተከለ ችግኝ እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል። ጎመንና ጥቅል ጎመን በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ሰላጣ በ25፣ ባሮ ሽንኩርት በ10 ርቀት። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቆራጭ ትል ይመጣል። ቀን አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይውላል፣ ሌሊት ወጥቶ ችግኙን ከመሬት አፍ ላይ ይቆርጠዋል። ጠዋት ስትወጡ ችግኙ ተኝቶ ታገኙታላችሁ፣ ቅጠሉ እንኳ አልተበላም። እዚያው ሥር 3 ሳንቲ ሜትር ብትጭሩ ወፍራም ግራጫ ትል ታገኛላችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የሃይላንድ ፕላስቲኩን በ8 ሳንቲ ሜትር ቁመት እንደ ቀለበት ቆራርጡ፣ እያንዳንዱን ችግኝ አልብሱት፣ ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበሩት። ግንዱ ሲጠነክር አውጡና ለሌላ ጊዜ አስቀምጡ።

ጥቅምት፣ ህዳር፣ ታህሳስ፤ ዋናው ጊዜ

በቀጥታ መደብ ላይ የሚዘሩት ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ድንብላል አሁን ናቸው። ዝናቡ ከመስቀል በኋላ ቆርጦ ሲሄድ ጀምሩ።

ካሮት ትዕግሥት ይፈልጋል። ለመብቀል ከ10 እስከ 15 ቀን ይወስዳል፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ላዩ አንድ ቀን እንኳ ከደረቀ ዘሩ ይሞታል። ብልሃቱ ይኸውላችሁ። መስመሩን 1 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ሥሩ፣ ቦዩን ራሱን አስቀድማችሁ አጠጡ፣ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በተኑ፣ በስሱ አልብሳችሁ እርጥብ ጆንያ ላዩ ላይ አንጥፉ። ከ7ኛው ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከፍ አድርጋችሁ እዩ። የመጀመሪያዋ አረንጓዴ ክር ስትታይ ጆንያውን አንሱት። ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ አሳሱት፤ በመሀላቸው 5 ሳንቲ ሜትር እስኪቀር። ማሳሳት የሚያሳዝነው ሰው ብዙ ነው። ያልተሳሳ ካሮት ግን ቅጠል እንጂ ካሮት አይሆንም። ካሮት ላይ ትኩስ ፍግ አታድርጉ፣ ሥሩ ይከፋፈላል። «ናንቴስ» የሚባለው ዝርያ በደጋው 3 ወር ተኩል አካባቢ ይደርሳል።

ነጭ ሽንኩርትም መስኖ ካላችሁ ጥቅምት ላይ ይተከላል። ትልልቁን ፍልቃቂ ምረጡ፤ ትንሿን ወጥ ውስጥ ጨምሯት። ሹሉን ወደ ላይ፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት። ቀይ ሽንኩርት ግን ለትንሽ ጓሮ አልመክርም። ከዘር እስከ ምርት 5 ወር ከመሬት አይነሳም፣ መጨረሻ ላይ የሚገኘውም ከሱቅ በቀላሉ የሚገዛው ነው። ቦታውን ለባሮና ለሰላጣ ስጡት።

አሁን ስለ ጾም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የካቲት ውስጥ ይገባል። ያኔ ነው ቆስጣው፣ ቀይ ሥሩ፣ ካሮቱ፣ ሰላጣው የሚፈለገው። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ካሮት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ህዳር አጋማሽ፣ ቀይ ሥር ታህሳስ መጀመሪያ፣ ቆስጣ ታህሳስ አጋማሽ ይዘራል። ሰላጣ ደግሞ አንዴ ሳይሆን ከታህሳስ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ መስመር። ሰላጣን በአንድ ቀን የሚዘራ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ 30 ራስ ሰላጣ ይደርስበትና ለጎረቤት ሲያድል ይከርማል።

የዚህ ወቅት ጠላት ውርጭ ነው። ህዳርና ታህሳስ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ጠፍቶ፣ ማታውን ጀምሮ ብርዱ አጥንት ከገባ ተዘጋጁ። ዝቅ ያለ ቦታና የወንዝ ዳር ቀድሞ ይመታል፤ ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ይወርዳልና። ጎመን፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ይችሉታል። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዱባና ቦሎቄ አይችሉም። ቀን ላይ አፈሩን አጠጡት፤ የረጠበ አፈር ሙቀቱን ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። ማታ 12 ሰዓት ላይ በአሮጌ አንሶላ ወይም በጆንያ ሸፍኑ፣ ቅጠሉን እንዳይነካ በዱላ ደግፉት። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግለጡ። የተመታውን ቅጠል ወዲያው አትቁረጡ፤ ታችኛው እምቡጥ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ የሞተው ቅጠልም ለቀጣዩ ሌሊት ከለላ ይሆነዋል።

በጋ፤ የውሃ ሒሳብ

ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ፈተና ውሃ ነው። ነገሩን በቁጥር እንየው። በዚህ ከፍታ በደረቅ ፀሐይ ወቅት አንድ ተክል የሸፈነው መደብ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ ያጣል። 4 ሚሊ ሜትር ማለት በካሬ 4 ሊትር ነው። 3 መደቦቻችሁ 12 ካሬ ናቸው፣ ስለዚህ በቀን 48 ሊትር። በየሁለት ቀኑ ካጠጣችሁ በ20 ሊትር ጀሪካን 5 ጀሪካን መሆኑ ነው። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ በጋ ላይ መሬቱን ቀንሱ። ውሃው ለሁለት መደብ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሁለት ብቻ ያዙ፣ ሦስተኛውን ኮምፖስት አልብሳችሁ በጭድ ሸፍኑና አሳርፉት። ሦስት የተጠሙ መደቦች ከሁለት የጠገቡ ያነሰ ይሰጣሉ።

ሁለተኛው ነገር ጉዝጓዝ ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጭድ ወይም ደረቅ ሣር በችግኞቹ መሀል አንጥፉ፣ ግንዱን ሳይነካ። ውሃውን ያዝላችኋል፣ አረሙንም ያፍናል። ዘር ያለው ሣር እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ፤ አረም በገዛ እጅ መዝራት ነው።

ሦስተኛው፣ አልፎ አልፎ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት በየቀኑ ላዩን ከማርጠብ ይሻላል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጠጣ ተክል ሥሩን ላይ ላዩን ይዘረጋል፣ ውሃ አንድ ቀን ሲቀር ይወድቃል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ስደዱ። ከታች እርጥብ ከሆነ አታጠጡ፣ ላዩ ምንም ያህል ቢደርቅ። የምታጠጡት ጠዋት 1 ሰዓት ወይም ማታ 11 ሰዓት ነው፤ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን።

የክረምት ውሃ በበርሜል አጠራቅማለሁ የሚል ሰው ደስ ይለኛል፣ ግን ሒሳቡን ይይ። 200 ሊትር በርሜል በጋ ላይ የ4 ቀን ውሃ ነው። ትልቅ ሮቶ ከሌለ በስተቀር ጥር አይደርስም። አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ውሃ ጥሩ ነው፣ ቀጥታ መደቡ ላይ ድፉት። የኦሞ እጣቢ ግን ለሰላጣም ለቆስጣም አይሆንም። ከወንዝ ስለማጠጣት ደግሞ ምንም አልልም፤ የአቃቂን ወንዝ ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን።

ደረቅ አየር ክሽክሽ የሚባለውን ጥቃቅን ተባይ ይወልዳል። የጎመን ቅጠል ገልብጡ፤ ከጀርባው ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ግራጫ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ፣ ማታ ማታ የቅጠሉን ጀርባ ርጩ፣ ጠዋት በንፁህ ውሃ አጥቡት። ከ4 ቀን በኋላ ድገሙ። በጣም የተወረረውን ቅጠል ግን ቀንጥሶ መጣል ይቀላል።

ቲማቲም የሚወድ ሰው ታህሳስ መጨረሻ ላይ ቤት ውስጥ ያፍላ፣ ውርጩ ሲያልፍ ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት መጀመሪያ ላይ ያዛውር። ጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ሥር፣ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ዱላ ተተክሎለት። ሐሳቡ ከሰኔ ማለቂያ በፊት ለቅሞ መጨረስ ነው። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ እንደ መተሐራ ቲማቲም አትጠብቁ። ትንንሾቹ፣ ቼሪ የሚባሉት፣ ቶሎ ስለሚቀሉ ለአዲስ አበባ እነሱን እመርጣለሁ።

በልግ፤ ድንችና ጥርጣሬ

የበልግ ዝናብ የካቲት መጨረሻም ሊመጣ ይችላል፣ ሚያዝያም ሊመጣ ይችላል፣ ጭራሹንም ሊቀር ይችላል። በእሱ ተማምናችሁ አትትከሉ። እያጠጣችሁ ትከሉ፣ ከመጣ ትርፍ ነው።

የበልግ ንጉሥ ድንች ነው። ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት «ጉዳኔ» እና «በለጠ» ከተገኙ እነሱን ውሰዱ። የዕንቁላል መጠን ያለው፣ አጭርና ወፍራም ቡቃያ ያወጣ ድንች ይሁን። 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር አጥልቃችሁ፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ በመስመሮች መሀል 70 ሳንቲ ሜትር ትታችሁ ትከሉ። ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ አፈር አስታቅፉት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ድገሙት። ፀሐይ ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው መርዝ ነው፤ አይበላም። ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ይወጣል። የካቲት መጨረሻ የተተከለ ከከባዱ ዝናብ በፊት ያመልጣል።

ካላመለጠ ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ ይይዘዋል። መጀመሪያ በቅጠሉ ጫፍ ውሃ የነካው የሚመስል ቡናማ ነጥብ ይታያል፣ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ነጭ ሻጋታ ይወጣበታል፣ በሳምንት ውስጥ መደቡ ሁሉ ይወድቃል። ደመና፣ ብርድና ዝናብ ሲገጥሙ የሚነሳ ነው፤ ቲማቲምንም የሚያጠቁረው ይኸው ራሱ ነው። ድንቹ ፍሬ ይዞ ከሆነ ግንዱን ከመሬት ቁረጡና አርቃችሁ ጣሉ፣ ኮምፖስት ውስጥ አይግባ። ድንቹን ሁለት ሳምንት አፈር ውስጥ አቆዩት፣ ቆዳው ይጠንክር፣ ከዚያ አውጡት።

ሚያዝያና ግንቦት በረዶም ይጥላል። ሰላጣው ላይ መረብ ወይም የድሮ መጋረጃ መወጠር ይበቃል። በቆሎ ለእሸት፣ ዱባ አጥር ሥር፣ በሶብላ በየጥጉ፤ እነዚህን ግንቦት ላይ አስገቡ፣ የክረምቱን ዝናብ ይወዱታል።

ክረምት፤ ከመትከል ይልቅ መጠበቅ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዋናው ሥራ ውሃ ማስወጣት ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው የት እንደሚተኛ እዩ። በቃ እዚያ ነው ማፋሰሻ የሚቆፈረው። ባዶ መደብ አትተዉ፤ ዝናቡ ላዩን ይቀጠቅጠውና ድንጋይ ያደርገዋል። ባቄላ ዝሩበት። አበባ ሲያወጣ አጭዳችሁ እዚያው አፈሩ ላይ አንጥፉት፣ ሥሩን አትንቀሉ። ለእሸት ጥቂቱን ትታችሁ መስከረም ላይ ብሉ።

ጎመን ያለ ብዙ ጣጣ ክረምቱን ይሻገራል። የጉራጌ ጎመን በተለይ ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ከጎኑ የወጣውን ቅርንጫፍ ገንጥላችሁ ብትተክሉት ይበቅላል። ቅጠል ስትቀነጥሱ ከታች ጀምሩ፣ ልቡን ተዉለት። ነጭ ሽንኩርትም ከፍ ባለ መደብ ላይ ሰኔ ይተከላል፣ ግን ቅጠሉ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት ካያችሁ ዋግ ነው፤ ቀድማችሁ ንቀሉትና በርጥቡ ብሉት።

ቀንድ አውጣ በዚህ ወቅት ሌሊት ይፈላል። አመድ ዙሪያውን ነስንሱ ይባላል፣ አንድ ዝናብ ካጠበው ግን ሥራ የለውም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በባትሪ እያበሩ መልቀም ነው ያለው። ልጆች ካሉ ደስ ብሏቸው ይለቅማሉ።

መደብ ማፈራረቅና ዘር ማስቀረት

መደቦቹን ቁጥር ስጧቸውና በደብተር ጻፉ። ድንች የነበረበት ላይ ቲማቲም ወይም ቃሪያ አይገባም፣ አንድ ወገን ናቸው። ጎመንም ጎመንን አይከተልም። ቀላሉ ተራ ይህ ነው፦ ጥራጥሬ፣ ከዚያ ቅጠላ ቅጠል፣ ከዚያ ሥራ ሥር። ባቄላው አፈሩን ያደልባል፣ ጎመኑ ይበላዋል፣ ካሮቱ በተረፈው ያድጋል።

ዘር ለማስቀረት በአበሻ ጎመን ጀምሩ። ከመስከረሙ ችግኝ መሀል ጠንካራውን አንዱን ምረጡና ቅጠሉን መቀንጠስ አቁሙ። ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ከዚያ ቀጫጭን ቆባ። ቆባው ቢጫ ሲሆንና ውስጡ ያለው ፍሬ ሲጠቁር፣ ሳይፈነዳ ማለት ነው፣ ጠዋት በጤዛ ቁረጡት። ጆንያ ላይ ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ረግጣችሁ አበራዩት፣ አንፍሱት። በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ወሩንና ዓመቱን ጻፉበት፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ከአንድ ተክል የሚወጣው ዘር ለጓሮው ከሚያስፈልገው በብዙ ይበልጣል። የቀረውን እናታችሁ ይወስዱታል፤ ለምጣድ ማሰሻ።